«ቀጥሮኝ ቀረ» በእንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ ስማር ሰዋስው ብዙም አላስቸገረኝም። የሚያደናግሩኝ ጥቃቅኖቹ የየዕለት አባባሎች ነበሩ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ሂ ስቱድ ሚ አፕ» ስትለኝ ከመቀመጫዋ ያስነሳት መስሎኝ «ወንበርሽን ወሰደብሽ?» አልኳት። ለካ ቀጥሯት ቀርቶ ነው!

ቃላት መሸምደድ አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ በፍቅር ፊልሞች የሚቀልዱ አጫጭር ቪዲዮዎች ማየት ነው። በአንዱ ላይ ልጁ አበባ ይዞ በዝናብ ይሮጣል። አዳልጦት ጭቃ ላይ ይዘረራል። እዚያው ተጋድሞ «ሌትስ ሜክ አፕ» ይላል፤ እንታረቅ ማለቱ ነው። ፍቅረኛው ግን ከቦርሳዋ ሊፒስቲክ አውጥታ ትወረውርለታለች። «ሜክአፕ» መኳኳያም ነዋ! ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

መጀመሪያ ከሥር የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ አያለሁ። የአማርኛ ትርጉም ካለ ዓይን ወደዚያ ይሸሻል። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍተን ከእህቴ ጋር እንተውነዋለን። እሷ ሁሌ የምትመርጠው አልቃሿን ነው።