ዘመድ ወደ ሐይቁ ሲመጣ

ቤቴ ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅዳሜ ማለዳ የተነሣ ዘመድ ቁርሱን እኔ ጋር ይበላል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን ሲያሠራ አራት ክፍል ለሁለት ሰው ይተርፋል ብሎ ነበር። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን 23 ሰው አድሮበታል። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ እዚህ መኖር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ሐይቅ ዳር ቤት የሠራ፣ የተከራየ ወይም የወረሰ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምነግረውን ነው አሁን የምጽፈው።

ከውኃው እጀምራለሁ። ወጥ ቢያርር ሌላ ይሠራል።

ባቦጋያን፣ ሆራንና የቢሾፍቱን ሐይቅ የፈጠራቸው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። ባቦጋያ ከላይ ሲያዩት ትንሽ፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 65 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል። እንደ ላንጋኖ ቀስ እያሉ እየተራመዱ የሚገቡበት ዳር የላቸውም። እግር ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል መሬት ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚረገጥ ነገር የለም። ከከተማ የመጣ ዘመድ ይህንን አያውቅም። ስለዚህ እንግዳ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ ሻይ ሳይቀርብለት፣ እዚያው በር ላይ እነግረዋለሁ። ልጆቹንም ጭምር አቁሜ እነግራቸዋለሁ።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ የእኅቴ የልጅ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። አንድ እግር ነጠላ ጫማው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ ሊይዘው ተከተለው። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር 11 አዋቂዎች ነበርን፤ እኔ ሎሚ እየቆረጥኩ ነበር። ሁላችንም ሌላው ያየዋል ብለናል። የ13 ዓመት እኅቱ ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ባትይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ልብ አይኖረኝም ነበር። ልጁ ደረቱ ድረስ ብቻ ነበር የረጠበው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ መብላት አልቻልኩም።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ የስፖርት መምህራን የሚይዙትን ዓይነት ፊሽካ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ውኃ ዳር ሲወርድ ፊሽካው አንድ አዋቂ አንገት ላይ መሆን አለበት። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ አይጠጣም፣ ካርታ አይጫወትም፤ ልጆችን ብቻ ያያል። ተራው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል። ሲጨርስ ፊሽካውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መሄድ ክልክል ነው። የሚቀጥለው ሰው አንገት ላይ በገዛ እጁ ያጠልቅለታል፤ ተቀባዩም «ተረክቤያለሁ» ይላል። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ለቀን ተረኛ በሽተኛ የሚያስረክበው እንደዚሁ ነው። አደጋ የሚፈጠረው በሁለት ተረኞች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ከውኃው ዳር ያለው ዛፍ ላይ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ባዶ ነው፤ ክዳኑ በደንብ ተጠብቋል፤ እጀታው ላይ 20 ሜትር የናይለን ገመድ ታስሯል። አየር የሞላው ጀሪካን አንድን አዋቂ ሰው ይዞ ይንሳፈፋል። ሰው ቢሰጥም ዋና የማይችል ዘመድ ተከትሎት እንዳይዘል፣ ጀሪካኑን ወርውሮ በገመዱ እንዲስብ ሁሉንም አለማምዳለሁ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛል፤ ሊያድነው የገባውንም ይዞት ይወርዳል። ልጆቹ ውርወራውን እንደ ጨዋታ ስለሚወዱት የሚያስተምሩልኝ እነሱ ናቸው። ከመጠጥ በኋላ ማንም ውኃ አይገባም። በዚህ ላይ ታላቅ ወንድሜንም ተቆጥቼዋለሁ፤ አኩርፎ ነበር፣ ማታ ግን ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከቤቱ እስከ ውኃው 74 የድንጋይ ደረጃ አለ። እናቴ 88 ዓመቷ ነው፤ እዚያ አትወርድም። ስለዚህ በረንዳውን እንደ ዋና ቦታ አድርጌ አዘጋጀዋለሁ። ጥላው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የት እንደሚያርፍ አይቼ፣ ጀርባ ያለው ወንበር፣ ለእግሯ በርጩማ፣ ለጉልበቷ ጋቢ አስቀምጣለሁ። ቡናውም የሚፈላው እዚያው ነው። ቡናው ታች ውኃ ዳር ከፈላ አዛውንቶቹ ብቻቸውን ላይ ይቀራሉ፤ ቡናው ላይ ሲሆን ግን ወጣቱ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል። አቦሉን ሳይጠጣ የሚቀር የለም።

ቀኑን ስትመርጡ አስቡበት። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ከተማው በሕዝብ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል። ዘመዶቻችሁ ለበዓሉ የሚመጡ ከሆነ ዓርብ ማታ ገብተው ይደሩ፤ ለዕረፍት ብቻ ከሆነ ሌላ ሳምንት ይሻላል።

«ምን ይዘን እንምጣ?» ብለው ሲደውሉ «ምንም አታምጡ» ማለት ጨዋነት ይመስላል። ዘመድ ግን ባዶ እጁን አይመጣም። አራት ቤተሰብ በአንድ ቀን አራት ኬክና አራት ሳጥን ለስላሳ ይዞ መጥቶ እንጀራ ያለቀበት ቅዳሜ ነበረን። አሁን ለእያንዳንዱ በስሙ እነግራለሁ። አንደኛው ቤት 40 እንጀራ፣ ሌላው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ሦስተኛው ከሰልና በረዶ ያመጣል። ገንዘቡ ጠበብ ያለበት ዘመድ ካለ ሎሚና ቃሪያ እንዲያመጣ ነው የምጠይቀው። ሎሚ ከሌለ ዓሣው አይሠራም፤ ስለዚህ እሱ ያመጣው ሲጠበቅ ይውላል።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ፤ የቤቴ ሰላም የተገኘው በእሱ ነው። ሁለተኛ ልጄን ያገባው ሰው ሙስሊም ነው። እናቱና እኅቶቹም ይመጣሉ፤ በጣም የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። በየቤቱ እንደሚታወቀው እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ እነሱ ያረዱትን እናቴ አትነካም። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት በግ ታርዶ፣ ሁለት ድስት ተጥዶ፣ ሁለት ገበታ ቀረበ። ማንም አልተቀየመም። ግን ግማሾቻችን ለግማሾቹ ጀርባ ሰጥተን በላን፤ ያ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ዓሣ አይታረድም፤ የማን እጅ እንደነካው የሚጠይቅ የለም። በሁለተኛው ዓመት በጉን ትቼ 30 ቆሮሶ ገዛሁ። መጥበሻው ሥጋ ያልነካው አዲስ፣ ዘይቱም እዚያው የተከፈተ እንዲሆን አደረግሁና የልጄን አማት ጠርቼ አሳየኋት። በዓይኗ ያላየችውን እንድታምነኝ መጠየቅ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ያን ቀን እሷና እናቴ ከአንድ ትሪ ቆረሱ። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ ዓሣውን እተወዋለሁ፤ ከእኛው ዘመዶች መካከል በጾም ዓሣ የሚበላም፣ እርም የሚለውም አለ። በሰው ጾም መካከል ገብቼ አልዳኝም። የአድአ ሽምብራ ሽሮና ምስር እሠራለሁ፤ ያ ለሁሉም ይሆናል።

ዓሣውን በጠዋት ከአጥማጆቹ ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ ይሁን። በታኅሣሥና በጥር ብርድ አንዳንድ ዓመት ብዙ ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር የነበረው ኦክስጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣው ይታፈናል። እንግዶች በነጻ የተገኘ ሲሳይ መስሏቸው በባልዲ ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ከልክሏቸው፤ መቼ እንደሞተ የማይታወቅ ዓሣ ለልጅ አይሰጥም።

አጠባበሱ እንዲህ ነው። ቅርፊቱን ፍቄ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቼ፣ ሁለቱንም ጎኑን በአግድም እስከ አጥንቱ ድረስ እተለትለዋለሁ፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጣት ውፍረት ነው። ሎሚና ጨው አሽቼ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አደርቀዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እርጥብ ዓሣ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይበጣጠሳል። ስስ ዱቄት ነስንሼ በደንብ የጋለ ዘይት ውስጥ አስገባዋለሁ። ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን አልነካውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምገለብጠው። ዘይቱ በስንጥቆቹ ስለሚገባ ትንንሾቹ አጥንቶች ደርቀው ይሰባበራሉ። በአዋዜና በሎሚ ይቀርባል። በዓሣ ጉርሻ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ለአዛውንትም ለልጅም የሚያጎርስ ሰው ሥጋውን በጣቶቹ መካከል አሽቶ አጥንት እንደሌለው ሳያረጋግጥ እጁን አይዘረጋ። በፍቅር የተሰጠ ጉርሻ ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ።

ስለ መኝታ ብዙ የምለው የለኝም። አዛውንቶች ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ በሆነው ክፍል ይተኙ፤ ኮሪደሩ ላይ መብራት ይደር፣ መብራት ቢጠፋ በእጃቸው ባትሪ ይኑር። ልጆች ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፤ ከዚያ የበለጠ ደስታ የላቸውም። ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር አትርሱ። ሮቶው ማታ መሙላቱን እዩ፤ ከዋና የወጣ ሁሉ ገላውን ልታጠብ ካለ በ23 ሰው 2,000 ሊትር አያድርም። ውጪ ባለው ቧንቧ እግርና እጅ፣ ሻወር በተራ።

ወንድሜ ከሜሪላንድ ሁለት ልጆቹን ይዞ የመጣ ጊዜ ልጆቹ አማርኛ ስለማይችሉ፣ እናቴም እንግሊዝኛ ስለማትችል፣ ሁለት ቀን ሙሉ እየተያዩ ተቀመጡ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትልቋን ልጅ የቡና መቁያውን አስያዝኳት። እናቴ ዝም ብላ እጇን በልጅቷ እጅ ላይ አድርጋ አወዛወዘችው፤ ቡናው እንዳያር እንዴት እንደሚነቀነቅ በዚያው አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከአያቷ ጎን አልተነሣችም። ከውጭ ለሚመጡ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ ስጧቸው፤ ቋንቋው እየቆየ ይከተላል።

የተጣሉ ዘመዶችስ? በእኛ ቤት በአባታቸው ቦታ ምክንያት ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት የአጎቴ ልጆች አሉ። ሁለቱንም ጠራሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም ሌላው እንደሚመጣ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ይህን መደበቅ ክህደት ነው። ሽማግሌ ግን አላስቀመጥኩም፤ ለመዝናናት የተጠራ ሰው ለፍርድ መቀመጥ የለበትም። ከሰዓት በኋላ የፊሽካው ተራ ታናሽየው ላይ ደረሰ፤ ቀጣዩ ታላቁ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ አየኋቸው። ታናሹ ፊሽካውን አውልቆ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወንድሙ አንገት ላይ አጠለቀለት። ታላቁ «ተረክቤያለሁ» አለው። በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። በቀጣዩ ወር ግን ታላቁ ደውሎ «እሱ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መሸኘት ጀምሩ። «ትንሽ ቆዩ» እያላችሁ አታምሿቸው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ እሑድ ማታ ይጨናነቃል፣ ሹፌሩም ደክሞታል። የአድአ ማኛ ጤፍ የፈለገ ካለ ቀድሜ አስገዝቼ በየስሙ አስቀምጣለሁ፤ የተረፈውን እንጀራ ለሁሉም አካፍዬ በስንቅ መልክ እጠቀልላለሁ። ሲደርሱ እንዲደውሉ አደርጋለሁ፤ የመጨረሻው ቤት ሳይደውል አልተኛም።

እስኪደውሉ ድረስ ወደ ታች እወርዳለሁ። ፊሽካውን ሚስማሩ ላይ መልሼ እሰቅላለሁ፤ ጀሪካኑን አራግፌ ክዳኑን አጠብቃለሁ፤ የገመዱን ቋጠሮ ስቤ እፈትሻለሁ። ናይለን ፀሐይ ላይ ሲከርም ደህና እየመሰለ ጥንካሬውን ያጣል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ በአዲስ እለውጠዋለሁ።