ሮለር ደርቢን ስንመለከትና ስንዳኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲያትል ወይም በዴንቨር የሚኖር ወገናችን፣ ሁለት ቡድኖች በባለ ጎማ ጫማ ትራክ እየዞሩ የሚጋጩበትን የሮለር ደርቢ ጨዋታ ማስታወቂያ ቢያጋጥመው፣ አብዛኛውን ጊዜ «ይህም ስፖርት ሆኖ ነው?» ብሎ ያልፈዋል። ጨዋታውን ለዓመታት በቅርብ ስለተከታተልሁ፣ ወዳጆቼን ይዤ በሄድሁ ቁጥር ያንኑ ፍርድ በልዩ ልዩ አነጋገር ሰምቻለሁ። የፍርዱ ምንጭ ክፋት አይደለም፤ ደንቡን ሳያውቁ በመልኩ መመዘን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥር የሰደደው ስህተት ውጤቱ እንደ ሬስሊንግ አስቀድሞ የተቀነባበረ ነው ብሎ ማመን ነው። እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሊዮ ሴልዘር ኦገስት 13 ቀን 1935 በቺካጎ ኮሊሲየም ያስጀመረው ውድድር፣ ወንድና ሴት ተጣምረው እየተፈራረቁ ትራኩን በመዞር አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የማቋረጥ ያህል ርቀት የሚሸፍኑበት የጽናት ፈተና ነበር። ተመልካቹ ከርቀቱ ይልቅ ግጭቱን እንደሚወድ ሲታወቅ፣ ተጋጣሚን አልፎ ነጥብ የማግኘት ደንብ መጣ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ቴሌቪዥን ጨዋታውን በየቤቱ ካስገባው በኋላ ደግሞ ትርኢትነቱ እየገነነ ሄደ። ልጁ ጄሪ ሴልዘር ድርጅቱን በ1973 ዘጋ። በ1989 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበው ዝግጅት የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ትራክ ሠርቶ የአዞ ገንዳ እስከ መጨመር ደርሶ ነበርና፣ ያንን አይቶ ያደገ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ዛሬ የሚካሄደው ጨዋታ ግን የተወለደው በ2001 በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ሴቶች እንደገና ካነሡት በኋላ ነው። በ2003 ከእነርሱ መካከል አንዱ ወገን ዙሪያው ከፍ ያለውንና ለመሥራት ብዙ ወጪ የሚጠይቀውን ተዳፋት ትራክ ትቶ በጠፍጣፋ ወለል ላይ መጫወት ጀመረ። ገመድ ዘርግቶ በፕላስተር ከወለሉ ጋር ማጣበቅ ከተቻለ ማንኛውም ሰፊ አዳራሽ ትራክ ይሆናል፤ ጨዋታው ባሕር ተሻግሮ ለመስፋፋቱ ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በ2004 ሊጎቹ፣ ማለትም በየከተማው የተመሠረቱት የተጫዋቾች ክለቦች፣ ተሰባስበው፣ ዛሬ የሴቶች የጠፍጣፋ ትራክ ደርቢ ማኅበር የሚባለውን አቋቋሙ። በ2011 ቶሮንቶ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካ ካናዳን 336 ለ33 አሸነፈች። ትኬት የሚሸጥ የትርኢት አዘጋጅ እንዲህ ያለ የፍጻሜ ውጤት አይጽፍም፤ የሚጽፈው በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚለይለትን ነው።

ቀጣዩ ስህተት የዓይን ነው። አዲስ ተመልካች ኳስ ሲያጣ በጣም የምትፈጥነውን ተጫዋች ብቻ እየተከተለ ጨዋታውን እንደ ሩጫ ያየዋል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ 5 ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ በሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበትን ሽፋን ያጠለቀችው ጃመር ስትባል፣ የቀሩት አራቱ ብሎከሮች ናቸው። ጃመሯ በመጀመሪያው ዙር የብሎከሮቹን ክምችት ሰንጥቃ ትወጣለች፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ባለፈቻት በእያንዳንዷ የተጋጣሚ ብሎከር አንድ ነጥብ ታገኛለች። ጃም የሚባለው ይህ ፍልሚያ ቢበዛ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሌላው ይጀመራል፤ እንዲህ እያለ እያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ የሆኑት ሁለቱ አጋማሾች ይሞላሉ። ክምችቱን ቀድማ ያለፈችው ጃመር መሪ ትሆናለች፤ መሪዋም በፈለገችበት ቅጽበት ሁለት እጆቿን ዳሌዋ ላይ ደጋግማ በመምታት ጃሙን ማስቆም ትችላለች። አብረውኝ የሚመጡ ሰዎች «ገና ነጥብ ልታስቆጥር ስትችል ለምን አቆመች?» ይላሉ። ያቆመችው ተጋጣሚዋ ጃመር ከኋላዋ ደርሳ ነጥብ መሰብሰብ ሳትጀምር 4 ለ0 ይዛ ለመውጣት ነው።

ጨዋታው ያለበት ቦታ ብሎከሮቹ ዘንድ ነው፤ በተመሳሳይ ጊዜ ለራሳቸው ጃመር መንገድ ይከፍታሉ፣ በተጋጣሚያቸው ላይ ይዘጋሉ። አንዲት ብሎከር ጃመሯን በዳሌዋ ገጭታ ከመስመር ካስወጣቻት በኋላ የምታደርገውን ልብ ይበሉ፤ ወዲያው ዞራ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ለማያውቅ ሰው አቅጣጫ የጠፋባት ትመስለዋለች። ደንቡ ግን ከመስመር የወጣች ተጫዋች ካስወጣቻት ሰው በስተኋላ ብቻ እንድትመለስ ያስገድዳል። ስለዚህ ጃመሯ ከመስመሩ ውጭ ሆና፣ ዓይኗን ከብሎከሯ ሳትነቅል፣ በብዙ ትግል ያገኘቻቸውን ሜትሮች አንድ በአንድ እየመለሰች ወደ ኋላ ትከተላታለች። ትዕግሥት አጥታ ከፊቷ ከገባች የዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ እርሷም 30 ሰከንድ በቅጣት ሳጥን ትቀመጣለች። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ሰው ከዚያ በኋላ ጃመሯን ብቻ አይመለከትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ስህተት «እንደፈለጉ ይደባደባሉ» የሚለው ነው። በትከሻ፣ በዳሌና በደረት መግጨት ይፈቀዳል፤ በክርን፣ በክንድና በእጅ መግፋት፣ ጀርባን፣ ጭንቅላትን ወይም ከጭን አጋማሽ በታች ያለውን አካል መምታት ጥፋት ነው። 7 ቅጣት የደረሰባት ከጨዋታው ትሰናበታለች። ጃመሯ ሳጥን ስትገባ ቡድኗ ነጥብ ሊያስቆጥርለት የሚችል ሰው ስለማይኖረው፣ ጥሩ ቡድኖች ከመገጨት ይልቅ መቀጣትን ይፈራሉ። ይህን ስል ጨዋታው ጉዳት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል፣ አጥንትም ይሰበራል። የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያና ሄልሜት ግዴታ የሆኑት ስለዚህ ነው።

በቅጽል ስም መጫወታቸውን ያለመታመን ምልክት አድርጎ መውሰድ ደግሞ በተለይ ከእኛ ሲመጣ ይከነክነኛል። የፈረስ ስም ያለው ሕዝብ ነን፤ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ ቀልድ ነው ያለ የለም። በሮለር ደርቢም አንዳንዶች በመዝገብ ስማቸው፣ ብዙዎች ደግሞ ራሳቸው በመረጡት ስም ይጫወታሉ። በኒው ዮርኩ ጎተም ሊግ፣ ኋላም በፖርትላንዱ ሮዝ ሲቲ ሊግ የተጫወተችው ቦኒ ተንደርስ በዚህ ስሟ ነው ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዷ ለመሆን የበቃችው።

«ኦሊምፒክ ውስጥ የለም፤ ደመወዝም አይከፈልበትም» የሚለው ክርክር ጠንካራ ይመስላል። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ወርቅ ያመጣችበት የሴቶች ማራቶን ራሱ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፤ ከዚያ በፊት 42 ኪሎ ሜትር የሮጡት ሴቶች ግን ስፖርተኞች ነበሩ። ስፖርትን ስፖርት የሚያደርገው ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ፣ በሥልጠና የሚገኝ ችሎታና አስቀድሞ የማይታወቅ ውጤት እንደሆነ አምናለሁ፤ ሦስቱም እዚህ አሉ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የሊጉን ወርኃዊ መዋጮ ከኪሳቸው እየከፈሉ፣ ከሥራ በኋላ ይለማመዳሉ፤ ሊጉንም የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ናቸው። በአንድ ጨዋታ እስከ 7 ዳኞች በባለ ጎማ ጫማ ይሰለፋሉ፤ በዙሪያቸው ነጥብ፣ ቅጣትና ሰዓት የሚመዘግቡ ብዙ ረዳቶች ይቆማሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ናቸው። በ2017 የሜልበርኑ የቪክቶሪያ ሊግ ከአሜሪካ ውጭ የመጣ የመጀመሪያው የማኅበሩ ሻምፒዮን ሆኗል። የሴቶች ብቻ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ወንዶችም ታዳጊዎችም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው።

የመጨረሻው ስህተት የእኛ የደጋፊዎቹ ነው። ስፖርትነቱን ለማስመስከር ስንል ከ2001 በፊት የነበረውን ሁሉ እንደ ነውር እንሸፍናለን። በዚያ ዘመን ትርኢት ነበር፤ በባለ ጎማ ጫማ ያንን ያህል ለመፍጠን የሚጠይቀው ችሎታ፣ ውድቀቱና ስብራቱ ግን የእውነት ነበር። ዝነኛዋ ተጫዋች ጆን ዌስተን በነበረችበት ዘመን ሴቶችና ወንዶች እየተፈራረቁ በአንድ ደንብ ይጫወቱ ነበር፤ ሴቶቹ ያስቆጠሩት ነጥብም ወንዶቹ ካስቆጠሩት ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይደመር ነበር።