«ሥራው በየቀኑ ያው ነው፤ አይሰለችዎትም?» ሲባል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ሕንፃዎች ባንዱ ለካሸርነት፣ ወይም ፒያሳ አንድ ቢሮ ለዳታ ኢንትሪ ኢንተርቪው ተጠራችሁ እንበል። ይህቺ ጥያቄ መምጣቷ አይቀርም። ጠያቂው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፦ ከሰዓት በኋላ ሲደክማችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ሥራውን ገና ስትለምዱት ደግሞ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። መልሳችሁ እነዚህን ካልነካ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

«ኧረ እኔ ምንም አይሰለቸኝም!»

ማንም አያምናችሁም። ጠያቂው ራሱ ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግም ነው የዋለው። «ይሰለቻል፤ ሲሰለቸኝ ግን ፍጥነቴን ቀንሼ ያስገባሁትን መልሼ አያለሁ» ብትሉ ቢያንስ ቀና ብሎ ያያችኋል።

«ጠንቃቃ ነኝ» ብሎ ማቆም

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጠንቃቃ አይደለሁም የሚል አመልካች የት አለ? እንዴት እንደምትጠነቀቁ ተናገሩ። ለዳታ ኢንትሪ ከሆነ ምሳሌው ሞልቷል። ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩም አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ አይነሳ! የልደት ዘመንም አለ። በ1990 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1997 ነው፤ መጋቢት ላይ የተወለደው የ1998። ዝም ብሎ 8 የሚደምር ሰው የመስከረሙን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። «ወሩን ሳላይ ዓመቱን አልቀይርም፤ ስሙንም መታወቂያው ላይ እንዳለ ነው የምጽፈው» ካላችሁ ጠያቂው የሚፈልገውን አገኘ።

ካሸር ከሆናችሁ ደግሞ ብሩን አንሱ። መቶ ባለ 200 ብር ኖቶች 20,000 ብር ናቸው፤ አንዷ ከጎደለች ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 200 ብር ታፋጥጣችኋለች፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለውም ካሸሩ ነው። ስለዚህ «ወረፋው ቢንጫጫም ደንበኛው ከመስኮቱ ሳይሄድ ቆጥሬ እጨርሳለሁ» የሚለው መልስ ከአሥር ቅጽል ይበልጣል።

«ለጊዜው ነው፣ ማስተርሴን እስክጨርስ»

ማታ መማር ነውር የለውም፤ ስንቱ ሠራተኛ ማታ ይማራል። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ብቻ ተዉአት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቢሮ ማምሸት አለ፤ ያኔ ፈተና ቢገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ አስቡበት።

«ሁሉንም በኤአይ አቀለዋለሁ»

አዲስ ተመራቂዎች ይህን ይወዱታል። እንደኔ እንደኔ ጠያቂን የሚያበሳጭ ከዚህ የባሰ መልስ የለም። ባንክ ውስጥ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል። መደጋገሙ ስህተትና ሌብነት ለመያዝ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ሳትለምዱት ላፍርሰው ካላችሁ ነገሩ አልገባችሁም ማለት ነው። መጀመሪያ አሠራሩን እንደምትማሩ ተናገሩ፤ ሐሳቡ ይደርሳል።

የቀድሞ አለቃችሁን ማማትማ ጭራሽ አይሞከርም።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባል «የለኝም» ብሎ መነሳትም ስህተት ነው። በቀን ስንት ቅጽ ይገባል? ስህተት ሲገኝ ማን ያርመዋል? ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የቀመሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።