ጥንቸላችን ሳፋዋን የለመደችው እንዲህ ነው

ቤት ውስጥ ጥንቸል ለምታሳድጉ፣ በተለይ ምንጣፉ ሽንት ሽንት እያለ ላስቸገራችሁ፣ እኛ ጋ የሠራው ይኸውላችሁ።

ጥንቸል የምትሸናበትን ጥግ ራሷ ትመርጣለች። የኛዋ ከሶፋው ኋላ ያለውን መርጣ ነበር። መጸዳጃዋ እንዲሆን ሳፋ እዚያው ወሰድንላት። ዘላ የምትገባበት፣ ዝቅ ያለ ይሁን። ከታች የተቀደደ ጋዜጣ፣ ከላይ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር)። ሽንቷ የነካውን ወረቀትና ጥቂት በጠጧንም ጣል አደረግንበት። ሽታው ነው የሚጠራት።

ዋናው ነገር ግን ድርቆሹ ነው። ጥንቸል እየበላች በጠጧን መጣል ትወዳለች። ድርቆሹን ሳፋው አንድ ጫፍ ላይ ስንከምርላት ገብታ ቁጭ አለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ ስታኝክ፣ ከሥሯ በጠጡ ጠብ ጠብ ይላል። ደስ ሲል!

ጅማ ስለሆንን ብዙ ሰው የቡና ገለባ አንጥፉላት ይላል። አደራ፣ እንዳታደርጉት። ገለባው ካፌይን አለው፤ እሷ ደግሞ ያገኘችውን ትቆረጥማለች። ሲረጥብ የሚጋገረው የድመት አሸዋም ከበላችው አንጀቷን ይዘጋል። ድርቆሹን የጅማ ዝናብና እርጥበት እንዳያሻግተው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከሳፋው ውጭ የሸናችበትን በአቼቶና በውሃ ጥረጉ። አትቆጧት፤ ትፈራለች እንጂ አይገባትም። እስክትለምድ አንድ ክፍል ይበቃታል። የኛዋ አሁን ሳሎኑን እንደ ልቧ ትዞራለች። ጥንቸል ከ4 እስከ 6 ወር ሲሞላት ግን ክልሏን በሽንት ምልክት ማድረግ ልትጀምር ትችላለች። ያኔ ስለ ማምከን የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።