ስኩተሯ አልነሳ ስትል፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቡሬተሩን አራግፉ

ሐምሌ ከገባ ጠዋት ጠዋት የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ማታ ደህና አቁሜያት ጠዋት አልነሳ አለችኝ።» ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ስኩተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ አብዛኛውን የክረምት ብልሽት የማገኘው እዚያው አንድ ቦታ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል። ቤንዚን መኖሩን፣ ቀዩ ማጥፊያ አለመነካቱን፣ የጎን መቆሚያው መነሳቱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ስታርቱን ስትጫኑ ጭጭ ካለ

አብዛኛው ስኩተር ፍሬን ካልተያዘ ስታርት አይቀበልም። ፍሬኑን ያዙና የኋላው የፍሬን መብራት ይበራ እንደሆነ እዩ። ካልበራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እጀታው ሥር ያለችው ትንሿ ስዊች ናት። ሌላኛውን እጀታ ይዛችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ በዚያኛው ትነሳለች። ይህቺን ስዊች የሚገድላት ላቫጆ ነው። እባካችሁ የግፊት ውሃ እጀታውና ዳሽቦርዱ ላይ አታስረጩ። መብራቱ በርቶም ዝም ካለች ፊውዙን፣ ከዚያ ስታርቱን ስትጫኑ የባትሪውን ኃይል የሚያሳልፈውን የስታርት ሪሌ እዩ።

ቲክ ቲክ ብቻ ካለ

ባትሪ ነው፤ ግን ሮጣችሁ አትግዙ። ጫፎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ፍቱት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ ባትሪ ጤነኛ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ስኩተሯ ተነስታ ነዳጅ ስትሰጧት ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ግን ችግሩ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው፤ አዲሱንም ባትሪ ይገድልባችኋል።

ሞተሪኖው (አስነሺው ትንሽ ሞተር) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ስታርቱን ይዞ መቆየት ባትሪ ከመጨረስና ሞተሪኖ ከማቃጠል ሌላ ትርፍ የለውም። 5 ሰከንድ ሞክሩ፣ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉ። በሦስተኛው ካልተነሳች ተዉት።

እኔ ደጋግሜ የማየው ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስለዚህ ካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ኩባያ ታች ይዘቅጣል፤ ሞተሩ ቤንዚን የሚስበውም ከዚያው ከታች ነው። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ሙሉ ቢሆንም አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበቃል፣ አትነሳም።

ባለፈው ክረምት አንድ ዕቃ አድራሽ ልጅ ከለገሀር ቸርችልን ሽቅብ በዝናብ እየገፋ አመጣት። ሌላ ቦታ ባትሪ አስቀይረውታል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) አስቀይረውታል፣ ሲዲአይ (ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ነው ግዛ ብለውታል። የኩባያዋን ማራገፊያ ቪቴ ፈታሁና በብርጭቆ ተቀበልኩ። ግማሹ ውሃ፣ ከሥሩ ቡናማ ዝገት። አራግፈን፣ ንጹሕ ቤንዚን አውርደን፣ በእግር ስንመታት ሦስተኛው ላይ ተነሳች። የስንት ቀን እንጀራውን ለማያስፈልግ ዕቃ ከፍሏል፤ እስካሁን ያናድደኛል። ቤንዚኑን ከየት ቀዳህ ስለው፣ ሰልፉ ረዝሞበት ከመንገድ ዳር በሀይላንድ ገዝቶ ነው። ያ ሀይላንድ ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ፣ ታጥቦ ይድረቅ አይድረቅ ማን ያውቃል? በሀይላንድ አትግዙ። ቸግሯችሁ ከገዛችሁ ቢያንስ ብርሃን ላይ አንስታችሁ ከሥሩ የተለየ ነገር መኖሩን እዩ።

አንዲት እህት ደግሞ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስቴም ውሃ። ሁለቱን ጊዜ አራግፌ ሸኘኋት፣ ያ የኔ ጥፋት ነው። በሦስተኛው የሰልባትዮውን ክዳን ሳየው ጎሚኒው ተሰነጣጥቋል፣ ስኩተሯም ምንም ሳትሸፈን ግቢ ውስጥ ነው የምታድረው፤ በዘነበ ቁጥር ይገባል። ጎሚኒው ተቀየረ፣ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አልመጣችም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራም እሳትም አጠገቡ አይኑር። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቪቴ በልኳ ካቻቢቴ ፍቱ፤ ናስ ናት፣ በማይሆን ካቻቢቴ ጭንቅላቷ ይበላል። በብርጭቆ ተቀብላችሁ ትንሽ ጠብቁ። ከታች ለብቻው የሚንከባለል ጠብታ ካለ ውሃ ነው። ጠርቶ እስኪወርድ ድገሙት። ዝገት ከመጣ ኩባያዋ ትፈታ፣ ጄቱም (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀጭን ቀዳዳ ዕቃ) በአየር ይነፋ። ጄት በሽቦ አትጎርጉሩ! ቀዳዳው ከሰፋ የቤንዚኑ ልክ ይዛባል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ጄት መግዛት ነው። በማግስቱ እንደገና ካስቸገረች ውሃው ሰልባትዮው ውስጥ ነውና እሱም ሙሉ በሙሉ ይራገፍ።

ከማራገፊያዋ ምንም ካልወረደ ቤንዚኑ ከላይ ቀርቷል ማለት ነው፦ የተደፈነ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ወይም የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ በሞተሩ መሳብ የቤንዚኑን መንገድ የሚያስከፍተው። ቱቦው በጥቂት ብር ይቀየራል።

ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጄቱን አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ካንዴላ ስትገዙ ደግሞ ፎርጅድ ተጠንቀቁ። ማሸጊያው ያምራል፣ በሳምንቱ እሳት መስጠት ያቆማል። ስታስገቡት መጀመሪያ በእጅ አዙሩ፤ ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ወጪው ሌላ ነው። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የስኩተራችሁ መመሪያ ሌላ ካላለ።

የቦቢና (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ጠምዛዛ ሽቦ) ወይም የሲዲአይ መበላሸት፣ የቫልቭ ክፍተት መጥበብም ይከሰታል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። ማራገፊያዋ ቪቴ ሳትፈታ ሲዲአይ ግዙ የሚላችሁ ካለ፣ መጀመሪያ ፊታችሁ አራግፎ ብርጭቆውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።