የኮቲ «ሺፕር»፦ አሮጌ ጠርሙስ እንዴት ይመረመራል፣ ይከፈታል፣ ይቀመጣል

ፈረንሳዊው ሽቶ ሠሪ ፍራንሷ ኮቲ «ሺፕር» የተባለውን ሽቶ ለገበያ ያቀረበው በ1917 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አናቱ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚሸተው፣ ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘር፣ መሀሉ ጃስሚንና ጽጌረዳ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሥሩ ደግሞ ላብደነም የሚባለው ሙጫና ኦክሞስ፣ ማለትም በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚበቅለው የዛፍ ሽበት ነው። ይህ አቀማመም ለአንድ ሙሉ የሽቶ ዘር መጠሪያ ሆነ፤ የፈረንሳዩ ሽቶ ቤት የገርላን «ሚትሱኮ» በ1919 የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ዛሬ «ሺፕር» መመረቱ ከቆመ ቆይቷል። የድሮው ኦክሞስ በያዛቸው፣ የቆዳ አለርጂ በሚያስነሱት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል ምክንያት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ በድሮው ቅመም መልሶ መሥራት አይቻልም፤ ሁለቱን የያዘ አዲስ ምርት ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ወደ ገበያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ፈላጊው የሚሄደው ወደ አሮጌ ጠርሙስ ነው።

ከመግዛት በፊት ጽሑፉ ይነበብ። መለያው ላይ የመድኃኒት ኩባንያው የፋይዘር ስም ካለ ጠርሙሱ በ1963 እና በ1992 መካከል የተሠራ ነው፤ ኮቲ በነዚያ ዓመታት የፋይዘር ንብረት ነበር። የአሜሪካ አድራሻ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር (ዚፕ ኮድ) ከያዘ ከ1963 በፊት ሊሆን አይችልም። ባርኮድ ካለው ደግሞ ከ1970ዎቹ አይቀድምም። ደንቡ አንድ ነው፦ ከምልክቶቹ ሁሉ እጅግ ዘግይቶ የመጣው የዕድሜውን ጣሪያ ይወስናል። ባርኮድ አለመኖሩ ግን የእርጅና ማስረጃ አይደለም፤ ካርቶንና ጠርሙስም ብዙ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ተገናኝተው ይሸጣሉ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይታዩ።

የፈሳሹ ልክ ብዙ ይናገራል። ስልሳ ዓመት የቆየ ጠርሙስ አንገቱ በክር ታስሮ ታሽጎም ቢሆን ጥቂት ይተናል። እስከ አፉ ጢም ብሎ ክሩ አዲስ ከመሰለ ዳግም የተሞላ መሆኑን ጠርጥሩ። በቀለሙ ግን አትፍረዱ፤ ጃስሚንና ቫኒሊን ያለበት ሽቶ ሲያረጅ መጥቆሩ የተለመደ ነው።

ብዙ ጠርሙስ የሚሰበረው ሲከፈት ነው። የመስተዋት ውታፉ የሚጣበቀው አልኮሉ ተንኖ ሙጫው በአንገቱ ዙሪያ ስለሚደርቅ ነው። ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልሉና ሰፊ ሳህን ላይ አቁሙት። 96 በመቶ አልኮል ሁለት ሦስት ጠብታ በውታፉና በአንገቱ መገናኛ ላይ አንጠባጥቡና ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት በትንሽ እንጨት ውታፉን ከግራም ከቀኝም ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ከዚያ ሳትስቡ ወደ ጎን ብቻ ለማዞር ሞክሩ። እምቢ ካለ ጠብታው ይደገም፤ ሦስትና አራት ሌሊት የሚፈጅም አለ። ዘይት አትጠቀሙ፣ ወደ ሽቶው ይገባል። ሙቅ ውኃና እሳት ደግሞ ፈጽሞ አይቅረቡት፦ አልኮል ተቀጣጣይ ነው፣ አሮጌ ክሪስታልም በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል። ፒንሳ የውታፉን አንገት ይቆርጣል።

ከተከፈተ በኋላ አንድ ጠብታ በማሽተቻ ወረቀት ላይ አድርጉ። ወዲያው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላና በማግሥቱ አሽትቱ። ቤርጋሞቱን የመሰሉ ቀላል ቅመሞች ቀድመው ስለሚበላሹ መጀመሪያ የጥፍር ቀለም ወይም የሰለሪ ሽታ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ጠርሙሱንም አትጣሉ። ይህ ሽታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቆ ደረቁ፣ ጣፋጩና መሬት መሬት የሚለው ሥር ከወጣ ሽቶው በሕይወት አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላም የከረመ ዘይት የሚሸት ከሆነ ግን አልቆለታል። በመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥሩውን ጠርሙስ ይጥላል።

ሰውነት ላይ ሲቀባ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ላይ አይሁን። የድሮው የቤርጋሞት ዘይት ቤርጋፕቴን ስላለው በፀሐይ ብርሃን ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ልብስ ላይ ማድረግም ነጭ ጨርቅን ይበክላል።

የተቀመጠን ሽቶ የሚጎዳው አየር ነው። በ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ከቀረ 40ው አየር ነው፤ ኦክስጅኑ የቀረውን በፍጥነት ያበላሻል። ስለዚህ በመስተዋት ሲሪንጅ ወደ ትናንሽ፣ ጠቆር ያሉ የመስተዋት ብልቃጦች ገልብጡና እስከ አፋቸው ሙሏቸው። ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ሽታውን ይጠጣል፣ የራሱንም ይሰጣል። በየብልቃጡ ላይ ስሙንና የተገለበጠበትን ቀን ጻፉ፤ ባዶውን ጠርሙስ አትጠቡት።

በ1990 የተመሠረተው የቨርሳዩ የሽቶ ማኅደር ኦስሞቴክ ሽቶዎቹን በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከብርሃን ርቀው፣ አየሩን ሽቶውን በማያበላሸው አርጎን በሚባል ጋዝ ተክቶ ያስቀምጣል። ቤት ውስጥ በካርቶን ተዘግቶ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡ ይበቃል። ቅዝቃዜው ሲያደፈርሰው ሰም መሰል ነገሮች ስለረጉ ነው፤ ሲሞቅ ይጠራል። ከፍሪጅ ሲወጣ የክፍሉን ሙቀት ሳያገኝ አትክፈቱት፣ አለበለዚያ እርጥበት ይገባበታል።

ጠርሙሱ ግርጌ ላይ እንደ ማር የወፈረ ዝቃጭ ብቻ ከቀረ በ96 በመቶ አልኮል ጠብታ በጠብታ አቅጥኑትና ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በጨለማ ተዉት። ውኃ ያለበት አልኮል ያደፈርሰዋል። የተነነው አናት በዚህ አይመለስም።