ልብ ለሁለት የሚከፍል ወሬ ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ፒያሳ ሲፈርስ ፎቶዎቹን እያየሁ አለቀስኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ደግሞ «እሰይ፣ አክስቴ ከዚያ ቤት ወጣች» ብያለሁ። ሁለቱም ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወሬ በመጣ ቁጥር እኔም ጓደኞቼም የት የት እንደምንሳሳት ልብ ማለት ጀመርኩ።

ቶሎ ወገን መያዝ

«ደግፈሻል ወይስ ተቃውመሻል?» ይሉኛል። ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል። እዚህ ላይ ግን ይሆናል። አክስቴ ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ ነበር የምትኖረው። የጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ። ክረምት ሲገባ አልጋዋን ከግድግዳው ታርቃለች፣ የሚያፈሰው ሥር ሳፋ ትደቅናለች። ሽንት ቤቱ የጋራ ስለሆነ ማታ ባትሪ ይዛ ሰው ቀስቅሳ ነበር የምትወጣው። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። የራሷ ሽንት ቤት፣ የራሷ ቁልፍ አላት። ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው ግን የለም። የዕድሯ ሰዎች ከተማው ጫፍና ጫፍ ላይ ተበትነዋል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ረከቦቱን መስኮቱ ሥር አድርጋ ስድስት ሲኒ ደርድራለች። እኔና እሷ ብቻ ነበርን። «ቤቱስ ይሻላል፣ ሰው ነው የጎደለኝ» አለችኝ።

ይህችን ሴት አንዱን ምረጪ ማለት ግማሽ ኑሮሽን ካጂ ማለት ነው። ወላዋይ የሚላት ሰው ካለ በጣም ተሳስቷል።

ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ማሰር

ስሜታችን የሚምታታው ብዙ ጊዜ ጥያቄዎቹን ስላልለየናቸው ነው። ያ ቤት ሰው ሊኖርበት ይገባል ወይ? አንድ ጥያቄ ነው። ሰዎቹ ስንት ቀን ተሰጣቸው? ካሳውስ? ጎረቤት ከጎረቤት አብሮ ሄደ ወይ? ይህ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው «አይገባም» ያለ ሰው በሁለተኛው የመቆጣት መብቱን አላጣም።

ድንቅነሽም (ሉሲ) እንዲሁ ናት። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ፕራግ ስትሄድ ኮራሁም፣ ፈራሁም። ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ በቆየችበት ጊዜም ይኸው ክርክር ነበር፤ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚየም ራሱ ለጉዞ የማትመች ናት ብሎ አላሳይም አለ። ዓለም ይያት ማለት አንድ ነገር ነው። 3.18 ሚሊዮን ዓመት የኖረ አጥንት በአውሮፕላን ይጫን ወይ ማለት ሌላ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ። ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን የምናየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናዋ ተቆልፎባት ነው የምትቀመጠው። የአፋር ልጅ ዋናዋን መቼ ነው የሚያያት? «ትሂድ፣ አትሂድ» ስንባባል ይህን የሚጠይቅ ጠፋ።

በራስ ኑሮ መለካት

ጥር 2016 ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ ግቢ ያለው ዘመዴ ጨፈረ። የኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ይነዳል። ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ጓደኛዬ ደግሞ «ገመዱን ከሦስተኛ ፎቅ ላውርደው?» አለችኝ። ጭሱ መቀነሱን እሷም ትወዳለች። አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚቆም ጠይቁ።

«ያው ለውጥ አይቀርም» ብሎ መዝጋት

ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጽናና ይመስለዋል። የሚሰማው ሰው ግን አፉን ነው የሚይዘው። አክስቴም ይህን ከሰማች በኋላ ነው ስለ ድሮ ጎረቤቶቿ ማውራት የተወችው።

የመጀመሪያ ቀን ስሜትን ማጽደቅ

እኔ ያኔ ያለቀስኩትን ለቅሶ ይዤ ነበር የምሄደው። አክስቴ ግን ሌላ ቦታ ደርሳለች። ባለፈው እሑድ ሄጄ «አሁንስ ለመድሽ?» አልኳት። «ከታች ያለችው ልጅ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጀበናዋ ግን እንደ እኛ ሰፈሩ አይደለም» አለች። ሲኒዎቹ ያን ቀን አራት ነበሩ።